የመስታወት አልባ ካሜራ ምርጫ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

መስታወት አልባ ካሜራ (ሚረርለስ) ሌንሱ የሚቀያየር፣ ነገር ግን እንደ ዲኤስኤልአር ካሜራ ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቅ መስታወት በውስጡ የሌለው ዲጂታል ካሜራ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ፎቶ አንሺውም ሴንሰሩ የያዘውን ምስል በትንሽ ስክሪን ያያል። በመሆኑም የብርሃኑ መብዛት ወይም ማነስ ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ይታወቃል። ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ በኋላ ይህ ዓይነት ካሜራ እየተስፋፋ ሄዷል፤ ሶኒ በ2013 ኤ7ን ባለ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር አድርጎ አውጥቷል።

በምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ በአምቦ፣ እንዲሁም በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ የፎቶ ሥራ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ በዓል፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሐይቅና የደን ፎቶ ሁሉ ይገኝበታል። ለአንዱ ሥራ የሚስማማ ካሜራ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ይህ ጽሑፍ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ሶኒ ኤ7 ሦስትን (2018 እ.ኤ.አ.) እና ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ4ን (2020 እ.ኤ.አ.) በየሥራው ዓይነት ያነጻጽራል።

የሁለቱ ካሜራዎች መግለጫ

• ሴንሰር፦ ሶኒ ሙሉ ፍሬም፣ 24 ሜጋፒክስል፤ ፉጂ ኤፒኤስ-ሲ፣ 26 ሜጋፒክስል።
• ክብደት ከነባትሪው፦ ሶኒ 650 ግራም፤ ፉጂ 607 ግራም።
• በአንድ ባትሪ የሚነሣ ፎቶ (በአምራቾቹ ልኬት)፦ ሶኒ 710 ገደማ፤ ፉጂ 500 ገደማ።
• በሜካኒካል ሹተር በሰከንድ፦ ሶኒ 10 ፎቶ፤ ፉጂ 15 ፎቶ።
• ቪዲዮ፦ ሶኒ 4ኬ እስከ 30 ፍሬም በሰከንድ፤ ፉጂ 4ኬ እስከ 60 ፍሬም በሰከንድ።

ሁለቱም የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ በውስጣቸው አላቸው፤ ሁለት ሜሞሪ ካርድም ይይዛሉ። ባትሪያቸው በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ስለሚሞላ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራ አይቆምም።

የሴንሰር መጠንና ብርሃን

የሙሉ ፍሬም ሴንሰር እንደ ጥንቱ ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የፉጂው ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት የሶኒው የፉጂውን 2.3 እጥፍ ያህል ይሆናል። አፐርቸሩና የሹተር ፍጥነቱ አንድ ቢሆን ትልቁ ሴንሰር በጠቅላላው የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል፤ ስለዚህ በጨለማ ቦታ የተነሣው ፎቶ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ (ኖይዝ) ያንሳል።

ይህ ብልጫ ግን በሌንስ ሊካካስ ይችላል። የሶኒ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሌንስና የፉጂ 56 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.2 ሌንስ በየካሜራቸው ላይ ሲገጠሙ የሚያሳዩት የእይታ ስፋትም ሆነ የኋላውን የማደብዘዝ አቅማቸው ተቀራራቢ ነው። ሆኖም የፉጂው ሌንስ 405 ግራም፣ የሶኒው 371 ግራም ይመዝናል። ትንሹ ሴንሰር የትልቁን ያህል እንዲሠራ ሲፈለግ የክብደት ጥቅሙ ይጠፋል ማለት ነው።

ሠርግና ምርቃት

የሠርግ ፎቶ ብዙው ክፍል የሚነሣው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በድንኳንና በአዳራሽ፣ አልፎም በምሽት ነው። የካሜራው ማረጋጊያ የፎቶ አንሺውን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አያቆመውም፤ ለዚያ ፈጣን ሹተር፣ ለፈጣን ሹተር ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል። ፍላሽ በማይፈቀድበት ወይም በማይመችበት ቦታ የሶኒው ትልቅ ሴንሰር የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚቆይ ሥራም የባትሪው ብልጫ ቀላል አይደለም።

ሠርግ አይደገምም። በመሆኑም በየትኛውም ካሜራ ቢሆን እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ካርዶች ላይ እንዲቀመጥ ማስተካከል ይገባል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ነጭ የሀገር ልብስ በፀሐይ ሲነሣ ጥለቱና ሽመናው እስኪጠፋ ድረስ ከነጣ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ ፎቶውን ትንሽ አጥቁሮ በሮው ፋይል ማንሣትና ፊቱን በኋላ ማብራት ይሻላል፤ ሁለቱም ካሜራዎች ለዚህ በቂ ናቸው።

እንደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የምርቃት ቀን ሁኔታው ይለያል። ፎቶው በቀን ብርሃን ውጭ ይነሣል፤ ተመራቂውና ቤተሰቡም ታትሞ ቶሎ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። ፉጂ ከፊልም አምራችነቱ የወረሳቸው የቀለም ዓይነቶች (ፊልም ሲሙሌሽን) በካሜራው ውስጥ ስላሉ ፎቶው ብዙ ሳይነካካ ወደ ኅትመት ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሰው በአንድ ቀን ለሚያነሣ ፎቶ ቤት ይህ ጊዜ ይቆጥባል።

መልክዓ ምድርና የዱር እንስሳት

የደንዲ መንትያ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች፣ የጉደር ፏፏቴና በጊንጪ አቅራቢያ ያለው የጭልሞ ደን በዞኑ ውስጥ ይገኛሉ፤ የወንጪ ሐይቅም በጎረቤቱ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ሆኖ ከአምቦ ይደረስበታል። በትሪፖድና በቂ ብርሃን ሲነሣ የሁለቱ ካሜራዎች የመልክዓ ምድር ፎቶ በተለመደው የኅትመት መጠን ብዙ አይለያይም። እዚህ ላይ የሚወስነው በእግር የሚሸከሙት ዕቃ ክብደት ነው።

ለወፍ ወይም ለጉሬዛ ልዩነቱ ይሰፋል። ትንሹ ሴንሰር የምስሉን መሐል ብቻ ስለሚወስድ የሌንሱ ርቀት በ1.5 የተባዛ ያህል ይሆናል፤ የፉጂ 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ 450 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባል። ሌንሱ 580 ግራም ሲሆን የሶኒ 70–300 ግን 854 ግራም ነው። ከነካሜራው ሲደመር ፉጂው 317 ግራም ይቀላል፤ የበለጠም ያቀርባል።

ቪዲዮ

ፉጂው በ60 ፍሬም ስለሚቀርጽ የጉግስን ግልቢያና ጭፈራን በጥሩ ጥራት ማዘግየት ይቻላል፤ ስክሪኑም ወደ ጎን ተከፍቶ ወደ ፊት ይዞራል። የሶኒው ስክሪን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያዘነብላል። በሌላ በኩል ሶኒው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ በራሱ ላይ አለው፤ ለፉጂው አስማሚ ገመድ ያስፈልጋል።

ዋጋና ያገለገለ ካሜራ

ሲወጡ የሶኒው አካል ብቻ 2,000፣ የፉጂው 1,700 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ለአንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት የተሳሳተ ምርጫ ዋና ገንዘቡን ሊያሳጣው ይችላል።

ሁለቱም በኋላ በወጡት ኤ7 አራት እና ኤክስ-ቲ5 ስለተተኩ ያገለገሉ ይገኛሉ። ገዢው ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ መጠየቅ አለበት፤ የሶኒው 200,000፣ የፉጂው 300,000 ጊዜ እንዲሠራ የተፈተነ ነው። ሴንሰሩ ላይ ጭረት፣ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አለመኖሩንም ማየት ይገባል።

የአንዱ ኩባንያ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ በቀጥታ ስለማይገጠም ምርጫው ከአንድ ዕቃ በላይ ነው። ለሶኒው ሲግማና ታምሮን የሚሠሯቸው ዋጋቸው የሚቀንስ ሌንሶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገቢው በአብዛኛው ከሠርግና ከምሽት ሥራ ለሚገኝ ፎቶ አንሺ ሶኒው፣ ከጉዞ፣ ከምርቃትና ከቪዲዮ ለሚገኝ ደግሞ ፉጂው ያመዝናል፤ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን ጥሩ ሌንስ ያለው ያገለገለ ካሜራ ደካማ ሌንስ ካለው አዲስ ካሜራ ይሻላል።