ደመወዝን አስቀድሞ መነጋገር

ከቤተ ሰባችን አንድ ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ሲያገኝ የሁላችንም ደስታ ነው። ነገር ግን ቀጣሪው አዲስ የተቋቋመ ድርጅት፣ ይልቁንም የዘመድ ወይም የወዳጅ ድርጅት የሆነ እንደ ሆነ፣ ልጃችን ስለ ደመወዙ ለመናገር ያፍራል፤ እኛም ወላጆች «ሥራውን ያዝ፤ የገንዘቡ ነገር ይደርሳል» እያልን ይሉኝታን እናስተምረዋለን። አባቶቻችን ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል።

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 የተነገረለት የወይን ቦታ ጌታ፣ በማለዳ ያገኛቸውን ሠራተኞች ወደ ሥራ የላካቸው በቀን አንድ ዲናር ሊከፍላቸው ከተስማማ በኋላ ነው። በማታም ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ያስታወሳቸው ይህንኑ ስምምነት ነበር። በአንጻሩ ያዕቆብ አጎቱ ላባ ደመወዙን 10 ጊዜ እንደ ለዋወጠበት በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 31 ተጽፏል። ዝምድና የውልን ስፍራ አይተካም።

የማርኬቲንግ ሥራ ደግሞ ከብዙ ሥራ ይልቅ ግልጽ ንግግርን ይሻል፤ በወር ደመወዝ ላይ ኮሚሽን ይታከልበታልና። አንድ ወጣት በወር 10,000 ብርና ከሽያጩ ከመቶ 2 እንዲከፈለው ተስማማ እንበል። በወሩ የ300,000 ብር ዕቃ ቢሸጥና ከገዢዎች የተሰበሰበው 100,000 ብር ብቻ ቢሆን፣ ኮሚሽኑ በተሸጠው ሲታሰብ 6,000፣ በተሰበሰበው ሲታሰብ ግን 2,000 ብር ይሆናል። ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጠብ ይወልዳል። ደንበኛ ፍለጋ የሚወጣው የትራንስፖርትና የስልክ ወጪም የማን እንደ ሆነ ይጠየቅ። የተጠራው ደመወዝ የሥራ ግብርና ከመቶ 7 የሆነው የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስለት ነው ወይስ ተቀንሶለት? ይህም ይለይ።

አዲስ ድርጅት አቅሙ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ሠራተኛውም ይህን ሊያስብለት ይገባል። ስለዚህ በዚያው ሙያ ያሉትን ጠይቆ፣ የሥራውን ዋጋ ዐውቆ፣ በትሕትና ይናገር። አሠሪው የተጠየቀውን ለመክፈል ባይችል፣ ከ6 ወር በኋላ በምን ያህል ሽያጭ ምን ያህል እንደሚጨመር ይስማሙ። «ስናድግ እናስብሃለን» የሚለው ቃል መልካም ምኞት ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም።

የተስማሙበትም ይጻፍ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ የሙከራውም ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል። ድርጅቱን በማስተዳደር ሥልጣን የሚቀጠር የሥራ መሪ ግን በዚህ አዋጅ ስለማይሸፈን፣ ውሉን አብልጦ ይመርምር።

ለእናንተም ድርጅት ለከፈታችሁ ምእመናን አንድ ቃል አለን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስጠንቅቋል። ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለውን ወጣት እናንተው ቀድማችሁ «ደመወዝህ ስንት ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁት። በእውነት የተጀመረውን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ።