ማዳበሪያ ብቻውን አያመርትም



ብዙዎቻችን ገጠር ያለ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም አለን። ክረምት ሲገባ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር መግዣ የአቅማችንን እንልካለን። ይሁንና ማሳው ላይ የሚውለው ሰው ጤና፣ ትምህርትና የሚያገኘው የባለሙያ ድጋፍ ከማዳበሪያው እኩል ምርቱን ይወስናሉ። እነዚህ ከጎደሉ የላክነው ገንዘብ ባክኖ ሊቀር ይችላል። እንዴት? አንድ በአንድ እንመልከት።

ወባ በአጨዳ ወቅት

በአገራችን ወባ በብዛት የሚሠራጨው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ነው። ዝናቡ አቁሮት የሄደው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ይህ ወቅት ደግሞ ሰብል የሚደርስበትና የሚታጨድበት ነው። አባወራው ሲታመም የሚባክነው የእርሱ ቀን ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ለማስታመም ከሥራ ትቀራለች፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከብት ይጠብቃል፤ የደረሰው እህልም ይረግፋል።

ኮአርተም የታዘዘለት ገበሬ ትኩሳቱ ሲበርድለት «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ ወደ ማሳው ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ግን በ3 ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው። ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

ደም ማነስ «ስንፍና» ሲባል

በባዶ እግር የሚያርስ ሰው ለመንጠቆ ትል የተጋለጠ ነው። የትሉ እጭ ከእርጥብ አፈር ተነሥቶ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ አድጎም አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ደም ለጡንቻ ኦክስጂን የሚያደርሰው በብረት ማዕድን አማካይነት ስለሆነ፣ ብረት ያነሰው ሰው ቶሎ ይደክማል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል እንጂ በሽተኛ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢንዶኔዥያ የጎማ ዛፍ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ደም ያነሳቸው ሠራተኞች የብረት እንክብል ሲሰጣቸው የሥራ ውጤታቸው መሻሻሉን አሳይቷል።

መፍትሔው ጫማ ማድረግ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና ተመርምሮ መታከም ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ መመገብ ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል።

4 ዓመት ትምህርት

በተለያዩ ታዳጊ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ምርመራ፣ 4 ዓመት የተማረ ገበሬ ካልተማረው በአማካይ 7 በመቶ ያህል የበለጠ እንደሚያመርት አመልክቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ገጠሮች የተደረገ ጥናትም፣ ትምህርት በምርት ላይ ጉልህ ለውጥ የሚያመጣው ቢያንስ 4 ዓመት ሲሞላ መሆኑን አሳይቷል። የተማረው ሲጠቀም ያየ ጎረቤትም ከእርሱ ይማራል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው የማዳበሪያውን መጠን ያሰላል፤ በፀረ ተባይ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ይረዳል። የማያነብ ሰው ግን መርዙን ያለ ልክ ሊበጠብጥ፣ ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ለመጠጥ ውኃ ሊያውለው ይችላል። የዚህ ጉዳት ምርት ላይ ብቻ አይቆምም፤ ሕይወትንም ይቀጥፋል።

የባለሙያ ድጋፍ

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው ተመድበዋል። የግብርና ልማት ሠራተኞችም አሉ። የሁለቱ ሥራ ተደጋጋፊ ነው። ለምሳሌ በመስመር መዝራት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ገበሬው በወባ ከተኛ ምክሩ ብቻውን አይጠቅመውም። ጤነኛ ሆኖ ምክር ያላገኘም እንዲሁ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ገጠር ስትደውሉ «ማዳበሪያ ገዛችሁ?» ብቻ አትበሉ። አጎበሩ ተቀዷል ወይ? ልጆቹ ጫማ አላቸው ወይ? ታላቂቱ ልጅ በአጨዳው ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርታለች ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ከምትልኩት ላይ ለቦት ጫማና ለደብተር የሚሆን ብታክሉበት፣ እሱም ለምርቱ የዋለ ገንዘብ ነው።