መኪናው ሲታወክ ባለቤቱ እንዳይታወክ

በዛሬው ዘመን ባንክም ሆነ የንግድ ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ መዝገቡንና ሒሳቡን ለኮምፒዩተር ዐደራ ሰጥቶ ይሠራል። ይህም ሥራን አፋጥኗል፤ ድካምንም ቀንሷል። ነገር ግን መሣሪያው በድንገት ሲቆም ሥራው ሁሉ አብሮት ይቆማልና፥ በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024) የደረሰው ነው። ክራውድስትራይክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደንበኞቹን ኮምፒዩተሮች ከሌባ የሚጠብቅ ፕሮግራም ይሸጣል። በዚያ ዓርብ ቀን፥ በአገራችን ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሲሆን፥ ለዚሁ ፕሮግራም አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ላከ። ማሻሻያዋ 21ኛው ዐይነት ቃል እንዲነበብ ታዝዛለች፤ ለፕሮግራሙ የቀረበለት ግን 20 ብቻ ነበር። ነገሩ 20 መስመር ባለው ደብዳቤ ላይ 21ኛውን መስመር አንብብ እንደ ተባለ ጸሓፊ ነው። ኮምፒዩተሩም የሌለውን ሊያነብ ሲሞክር ወደቀ፤ ገጹም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው በዚህ ዐይነት የወደቁት 8.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በብዙ አገር አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ፤ ባንኮችም ታወኩ።

ኩባንያው ስሕተቱን ተረድቶ በ78 ደቂቃ ውስጥ ማሻሻያውን መለሰ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የወደቀው ብዙው ኮምፒዩተር ራሱን ሊያነሣ አልቻለም። ስለዚህ ባለሙያው ከያንዳንዱ ፊት ተቀምጦ፥ ሴፍ ሞድ በሚባለው መንገድ አስነሥቶ፥ የተበላሸውን አንድ ፋይል ብቻ ለይቶ ማጥፋት ነበረበት። መዝገቡ በምስጢር ለተቈለፈበት ደግሞ 48 አኃዝ ያለውን ቍልፍ አንዱን እንኳ ሳይሳሳት መጻፍ ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለውን ሥራ በቍጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሊፈጽመው አይችልም።

በዚያው ሰሞን አታላዮች የኩባንያው ረዳቶች ነን እያሉ ሐሰተኛ መልእክት መላክ ጀመሩ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ አሳሰበ። አታላይ የሚጠብቀው የደነገጠን ሰው ነውና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በሌላ በኩል በህንድ አገር በአንዳንድ የአውሮፕላን ጣቢያ የነበሩ ሠራተኞች ኮምፒዩተሩ እንቢ ቢላቸው ብዕር አንሥተው የመንገደኛውን የመሳፈሪያ ወረቀት በእጃቸው እየጻፉ ሰጡ። ሥራቸው ዘገየ እንጂ ፈጽሞ አልተቋረጠም።

እንግዲህ መሣሪያ ሲቆም አስቀድሞ እጅን መሰብሰብ ይገባል። በገጹ ላይ የወጣውን ቃል እንዳለ መጻፍ፥ ሰዓቱን መመዝገብ፥ ከመቆሙም በፊት በመጨረሻ የተለወጠው ነገር ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይበጃል። ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ መዝገብ አለመደምሰስ፤ አንድ ነገር ሲሞከርም ውጤቱን ሳያዩ ሌላ አለመጨመር መልካም ነው። ርዳታ የሚጠየቀውም ቀድሞ በታወቀው የስልክ ቍጥር ነው እንጂ፥ ሳይጠራ ለመጣው ሁሉ የምስጢር ቃል አይሰጥም። መሣሪያው በደኅና ሳለ የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያኖረ ሰው በክፉ ቀን ልቡ ያርፋል።

ይልቁንም አለቃ የሆነ ሰው አንደበቱን ሊጠብቅ ይገባዋል። አለቃው ሲጮኽ ሠራተኛው ፈርቶ የነካውን አልነካሁም ይላል፤ ባለሙያውም ምክንያቱን ሲፈልግ ቀኑ ይመሻል። በአንድ ደቂቃ ቍጣ የጠፋው እውነት በብዙ ሰዓት ድካም አይገኝም። አለቃው ረጋ ብሎ ምን እንደ ሆነ ንገረኝ ቢል ግን፥ ስሕተቱ ገና ትንሽ ሳለ ይገለጣል። ክራውድስትራይክም ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጦ፥ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያውን ለሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እንደሚልክ አስታውቋል። መድኀኒቱ የተገኘው በሽታው በመነገሩ ነው።

ይህ ምክር ለቤትም ይሆናል። በመሥሪያ ቤት የተበሳጨ ባል ቍጣውን ይዞ ሲገባ፥ ነገሩን የማያውቁት ልጆች ሳይበድሉ ይቀጣሉ። ወይዘሮዋም በሱቋ ገንዘብ የምትቀበልበት ስልክ ቢታወክባት፥ ደንበኛዋን በመልካም ቃል አስታግሣ ሒሳቡን በደብተር ብትይዝ፥ ገበያዋም ክብሯም አይጐድልም። ልጆች የወላጆቻቸውን ጠባይ አይተው ያድጋሉና፥ መብራት ሲጠፋ፥ ስልክ ሲዘጋ፥ ኮምፒዩተር ሲቆም አባትና እናት የሚያሳዩት ትዕግሥት ከተግሣጽ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። የተሰበረ መሣሪያ በባለሙያ ይጠገናል፤ በቍጣ የተነገረ ክፉ ቃል ግን ጠጋኙ ብዙ ጊዜ አይገኝም።