የቢቶ ነጠብጣብ

የቢቶ ነጠብጣብ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ የሚወጣ፣ አረፋ ወይም የአይብ ፍርፋሪ የሚመስል ግራጫማ ነጭ ምልክት ነው። በአብዛኛው በሕፃናት ላይ የሚታይ ሲሆን ሰውነት ቫይታሚን ኤ እንዳነሰው ያመለክታል። ነጠብጣቡ ራሱ አያምም፣ ማየትንም አይከለክልም። ነገር ግን እጥረቱ ካልታከመ ወደ ዓይነ ስውርነት ሊያደርስ ይችላል።

ስያሜ

ስሙ የመጣው ከፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ቢቶ ነው። ቢቶ እ.ኤ.አ. በ1863 በቦርዶ ከተማ ዳፍንት በያዛቸው ሕፃናት ዓይን ላይ ያየውን ምልክት ገለጸ። ቫይታሚን ኤ የታወቀው ከዚያ 50 ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ መንስኤው በዘመኑ አልታወቀም ነበር።

አመጣጥ

የዓይንን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። ቫይታሚኑ ሲያንስ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሻክራል። የሞቱ ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች በደረቀው ቦታ ላይ ሲከማቹ ነጠብጣቡ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት ዳፍንት ይከሰታል፤ ሕፃኑ ሲመሽ ዕቃ ያደናቅፈዋል፣ ወይም መንቀሳቀስ ትቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ኩፍኝና ተደጋጋሚ ተቅማጥ እጥረቱን ያባብሳሉ።

ከሌሎች ምልክቶች መለየት

የቢቶ ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ዓይኖች፣ በጆሮ በኩል ባለው የነጩ ክፍል ላይ ይወጣል። ሲጠረግ በከፊል ቢለቅም ተመልሶ ይመጣል። በአዋቂዎች ዓይን በአፍንጫ በኩል የሚታየው ቢጫማ እብጠት ግን ፒንጉኩላ ይባላል፤ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከአቧራ ጋር የተያያዘ ሲሆን በአብዛኛው ጉዳት የለውም። በሕፃን ዓይን ጥቁር ክፍል መሐል የሚታይ ነጭ ነገር ደግሞ የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ በዓይን ሐኪም መታየት አለበት።

ምን ማድረግ ያስፈልጋል

ምልክቱ የታየበት ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ነጠብጣቡን መፋቅ፣ ቅጠል መጭመቅ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ ማድረግ እጥረቱን አያድንም፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ ብርሃን ከፈራ፣ ብሌኑ ከደበዘዘ ወይም ከቆሰለ ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

በጤና ተቋም ቫይታሚን ኤ በአፍ ይሰጣል። የአንድ ጊዜ መጠኑ በዓለም አቀፍ ዩኒት ሲለካ የሚከተለው ነው፦

• ከ6 ወር በታች፦ 50,000
• ከ6 እስከ 12 ወር፦ 100,000
• ከ1 ዓመት በላይ፦ 200,000

መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን፣ በማግስቱና ቢያንስ ከ2 ሳምንት በኋላ ይሰጣል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚሰጠው መጠን አነስተኛ ነው። ዳፍንቱ በቀናት ውስጥ ይሻላል፤ ነጠብጣቡ ግን ለመጥፋት ሳምንታት ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል።

መከላከል

ጉበት፣ እንቁላልና ወተት ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ጎመንና ካሮት በዘይት ወይም በቅቤ ሲሠሩ ይበልጥ ይጠቅማሉ። በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት የቫይታሚን ኤ እንክብል በዓመት 2 ጊዜ ይሰጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ካልደረሱ ሕፃናት ከ0.5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምልክቱ ከታየባቸው እጥረቱን የአካባቢው የሕብረተሰብ ጤና ችግር አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በአንድ ሕፃን ላይ ነጠብጣቡ ከታየ ወንድሞቹና እህቶቹም መመርመር ይኖርባቸዋል።