ቢላዋና የኤሌክትሪክ ሥጋ መቁረጫ

ሸጎሌ በአዲስ አበባ ከተማ በሰሜን በኩል፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ገበሬ ሸጎሌን የሚያውቀው በከብት ገበያው ነው። በዓል ሲቃረብ ሰንጋው ተነድቶም በመኪና ተጭኖም ወደዚያ ይመጣል። የከተማው ሰው ደግሞ አምስት ስድስት፣ አንዳንዴም አሥር ሆኖ ገንዘብ ያዋጣል፤ አንድ በሬ ይገዛል፤ አርዶም ይካፈላል። ይህ ቅርጫ ነው። ቅርጫ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ ዕጣ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። እያንዳንዱ ሰው የደረሰውን ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለወጡ የሚሆነው ይከተፋል፤ ለጥብሱ የሚሆነው ይቆረጣል፤ ለቋንጣ የሚሆነው ይዘለዘላል። ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ካደረ ሥጋው መበላሸት ይጀምራልና። በአብዛኛው ቤት ሥራው የሴቶች ነው። ቢላዋ እንደያዙ እኩለ ሌሊት የሚሆንባቸው እናቶች ስንት ናቸው!

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ የከተማ ቤቶች ለዚህ ሥራ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ገብቷል። መብራት በገባበት የገጠር ቀበሌም ልጅ ወይም ዘመድ ከከተማ፣ አለዚያም ከውጭ አገር ገዝቶ ሊልክ ይችላል። ታዲያ ይህ ዕቃ ይጠቅማል ወይ? ከቢላዋስ ይሻላል ወይ? ዋጋው ትንሽ አይደለምና ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እንመርምረው።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ሰዎች «የሥጋ መኪና» የሚሏቸው ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መፍጫ ነው። ሥጋውን በላይ በኩል ይጎርሳል፤ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሥጋው ተፈጭቶ በቀዳዳ ቀዳዳው ብረት በኩል ይወጣል። በእጅ የሚዞርም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። ሁለተኛው መቁረጫ ነው። ይህኛው አይፈጭም፤ ሥጋውን እንደ ዳቦ በስሱ እየሸነሸነ ይጥላል። እኛ የምንነጋገረው በይበልጥ ስለ ሁለተኛው ነው።

መቁረጫውን የፈለሰፈው ዊልሄልም ቫን በርክል የሚባል የሆላንድ ሰው ነው። ሰውየው ሥጋ ሻጭ ነበር። መኪናውን ሮተርዳም በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 መሥራት ጀመረ። ይህም በእኛ አቆጣጠር 1890 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በእጅ በሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ነበር። የሆላንድ ሰዎች ጨው የገባበትን፣ ቀዝቅዞ ጠንከር ያለውን፣ አጥንት የሌለበትን ሥጋ እንደ ወረቀት አሳስተው ከዳቦ ጋር ይበላሉ። መኪናው የተሠራው ለዚህ ዓይነት ሥጋ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልን። መኪናው በእኛ ቤት ለምን አንዳንዴ እንደሚያስቸግር የሚገባን ከዚህ ተነሥተን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ሳህን ክብ የሆነ ስለት አለ። ሞተር ያዞረዋል። በስለቱ አጠገብ ሥጋው የሚቀመጥበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት መደብ አለ። ሥጋውን እዚያ አስቀምጠን ወደ ስለቱ ስንገፋው አንድ ቁራጭ ይወድቃል። መልሰን ስንገፋው ሌላ ይወድቃል። ውፍረቱን የምንወስነው በጎኑ ያለውን ቁልፍ በማዞር ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ከወረቀት ስስነት እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ማለት እስከ አንድ ጣት ውፍረት ድረስ መቁረጥ ይቻላል። ሁሉም ቁራጭ እኩል ይሆናል። የመኪናው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ የሰው እጅ ይደክማል፣ መኪናው ግን መጀመሪያ የቆረጠውንና መጨረሻ የቆረጠውን አያበላልጥም።

አሁን ወደ ቅርጫው እንመለስ። ዛሬ የታረደ በሬ ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ሙቀቱም ገና አልለቀቀውም። እንዲህ ያለውን ሥጋ ወደሚዞረው ስለት ብንገፋው ይሸሻል፤ ይጨማደዳል። ሞራው በስለቱ ላይ ይለጠፋል፤ ጅማቱም ይጠመጠማል። ቁራጩ እኩል መሆኑ ቀርቶ ይቦጫጨቃል። ሥጋው በደንብ እንዲቆረጥ አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ማለት አለበት። ይሁን እንጂ እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ ድረስ በረዶ ከሆነ ደግሞ ስለቱንና የሞተሩን ጥርስ ይጎዳል። አጥንትማ ጨርሶ አይሞከርም። ሽንጥና ታፋ አጥንቱ ከወጣለት ይሆናል። ጎድንና ቅልጥም የመጥረቢያ እንጂ የዚህ መኪና ሥራ አይደሉም።

እንግዲህ አንድ ቤት መቁረጫ ለመግዛት ሲያስብ የቅርጫ ሥጋውን የሚችል ማቀዝቀዣ አለኝ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ መቁረጫው በዚያ ሌሊት ለእናቶች የሚያግዘው እምብዛም ነው። በእኛ አስተያየት ብዙ ሰው ሳያስበው የሚቀረው ይህን ነው።

ስለ ቋንጣም እንይ። ዘልዛይዋ እናት አንዱን ሙዳ ሥጋ ይዛ፣ ጫፉ ሳይበጠስ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች፣ አንድ ክንድ ሁለት ክንድ የሚሆን ዘለላ ታወጣለች። ዘለላው ረጅም ስለሆነ ገመድ ላይ ለመስቀል ይመቻል። መኪናው ይህን ማድረግ አይችልም። የሚያወጣው ቁራጭ ርዝመት ከሙዳው ርዝመት አይበልጥም። ነገር ግን አንድ ደግ ነገር አለው። ቋንጣ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንዱ ቦታ ስስ፣ ሌላው ቦታ ወፍራም ሆኖ ሲቆረጥ ነው። ስሱ ሲደርቅ ወፍራሙ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ይሸታል። በመኪና የተቆረጠው እኩል ስለሆነ እኩል ይደርቃል። ቋንጣ በመኪና ለመቁረጥ የፈለገ ሰው የሥጋው ክር በቁራጩ ርዝመት እንዲሄድ አድርጎ ሙዳውን ያስቀምጥ። ክሩ በአግድም ከተቆረጠ ግን ቁራጩ ሲሰቀል ይበጣጠሳል።

ክትፎ የመቁረጫው ሥራ አይደለም። ክትፎን በመፍጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። የለመደ ሰው ግን መክተፊያ ላይ በቢላዋ የተከተፈውን ከተፈጨው በጣዕሙ ይለየዋል። መፍጫው ጅማቱን ከሥጋው ጋር ይጨፈልቀዋል፤ በቢላዋ የሚከትፍ ሰው ግን ጅማቱን እየለቀመ ይጥላል። ሌላም ነገር አለ። በሥጋ ላይ ያለ ቆሻሻ በአብዛኛው የሚገኘው በውጭ ገጹ ላይ ነው። ሥጋው ሲፈጭ የውጩ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ከሙዳው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል።

አንዳንድ ሰው ሥጋው በመኪና ከሳሳ ወይም ከደቀቀ ኮሶ አይዝም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ኮሶ የሚያሲዘው በበሬው ሥጋ ውስጥ የሚኖር፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጣ ያለ ከረጢት ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትሉ ጫጩት ትንሽ ስለሆነ ከስለቱ ሊያመልጥ ይችላል። የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው ውስጡ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ መብሰል አለበት። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ በሚያቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ 10 ቀን ከቆየም ይሞታል። መቁረጫ ያለውም የሌለውም ሰው ሥጋውን የሚያበስለው እኩል ነው።

መኪናዎቹን እርስ በርሳቸው እናወዳድር። ለቤት የሚሆኑት በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አነስተኞቹ አካላቸው አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ስለታቸው ከዳር እስከ ዳር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ታጥፈው ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸውም ይረክሳል። ሥጋው ጠንከር ካለባቸው ግን ይርገበገባሉ፤ ውስጣቸው ያለው የፕላስቲክ ጥርስም ይበላል። ሌሎቹ አካላቸው ብረት ነው። ስለታቸው 19 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከበድ ስለሚሉ ከጠረጴዛ ላይ አይንቀሳቀሱም። ለሥጋ እነዚህ ይሻላሉ። በሥጋ ቤትና በሆቴል የሚታየው 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለት ያለው ትልቅ መኪና ለአንድ ቤተሰብ አይሆንም፤ ማስቀመጫም ያጣል።

ስለቱንም ማየት ይገባል። ጥርስ ያለው እንደ መጋዝ ነው፤ ዳቦ በደንብ ይቆርጣል፣ ሥጋ ግን ይቦጭቃል። ለሥጋ የሚሆነው ጥርስ የሌለው ለስላሳ ስለት ነው። ደግሞም ብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ከሠሩ በኋላ ማረፍ አለባቸው። ዕረፍት ካላገኙ ሞተሩ ይግላል፤ ይቃጠላል። የቅርጫ መደብ ሙሉ ሥጋ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢላዋ የያዘች እናት ሳታርፍ ስትሠራ መኪናው ዕረፍት ይጠይቃል።

መብራት ብዙ ይበላል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይበላም። የቤት መቁረጫ 150 ዋት ያህል ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ሙቀት መፍጠር ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ አንድ ስለት ማዞር ግን ትንሽ ይበቃዋል። ባለ 150 ዋቱ መቁረጫ 20 ደቂቃ ቢሠራ የቆጣሪው አንድ ቁጥር፣ ማለት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ሃያኛ እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ሁለት አምፖል ተብሎ የተተከለ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ዕቃ አያንቀሳቅሰውም።

ከውጭ አገር የተላከ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ግፊት በቮልት ይለካል። ግፊት ማለት ውኃ ከከፍታ ሲወርድ እንደሚኖረው ኃይል ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና በእኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ የሚችለውን እጥፍ የሚያህል ግፊት ስለሚደርስበት ይቃጠላል። የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስማማ ትንሽ ማገናኛ በገበያ ይሸጣል። እሱ ግን ግፊቱን አይቀንስም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚታለለው በእሱ ነው። ግፊቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር የሚባለው ዕቃ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት በመኪናው ጀርባ ወይም በሆዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 220 ወይም 230 ወይም 240 ካለ ይሆናል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ አትሰኩት። እንዲህ ያለውን ቁጥር ማንበብ መቻል ዕቃ ያድናል።

አሁን ስለ ጣት እንናገር። ከመኪናው ጋር የሥጋ መግፊያ አብሮ ይመጣል። መቸኮል ሲመጣ ሰው መግፊያውን ይተወውና ሥጋውን በእጁ ይገፋል። ሙዳው እያለቀ ሲሄድ ጣት ወደ ስለቱ ይጠጋል። ስለቱ ባይዞርም እንኳ ይቆርጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ትንሽ ሙዳ በቢላዋ ይቆረጥ እንጂ በጣት አይገፋ። ልጆች በአጠገቡ አይቁሙ።

አጠባውም ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያ መኪናው ከሶኬት ይነቀላል። የውፍረት ቁልፉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሚፈታው ሁሉ ተፈቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ስለቱ ከመሐል ወደ ዳር ይወለወላል፤ ከዳር ወደ መሐል የተወለወለ እንደሆነ ጨርቁም ጣትም ይቆረጣል። ሞተሩ ያለበት አካል ውኃ ውስጥ አይነከርም። ከስለቱ ጀርባ የተደበቀ የሥጋ ቅንጣት ካደረ ይሸታል፤ በሽታም ያመጣል። ሁለት ኪሎ ሥጋ ለመቁረጥ ይህን ሁሉ መፍታትና ማጠብ ለእኛ አያዋጣም። አንድ ቢላዋና አንድ መክተፊያ ለማጠብ ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

የአገራችን ልማድም አለ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። መኪናውም ከባለቤቱ ጋር ይጾማል ማለት ነው። በጾም ወራት ድንችና ጥቅል ጎመን ይቆረጥበታል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ሥጋ የነካ ዕቃ ለጾም ምግብ እንዲሆን የማይፈቅዱ እናቶች ብዙ ናቸው። በዕድር ገንዘብ ገዝቶ እንደ ድስትና እንደ ድንኳን በጋራ ስለመጠቀምም ሊታሰብ ይችላል። አንድ መኪና ለአሥር ቤት ሲሆን ዋጋው አይከብድም። ይሁን እንጂ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በአንድ ስለት አይቆረጥም። በአንድ ዕድር ሁለቱም ካሉ ነገሩን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በእኛ በኩል የምንመክረው እንዲህ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው፣ መብራት የማይቋረጥበት፣ በየሳምንቱ ሥጋ ወይም ዳቦ በብዛት የሚቆርጥ ቤት የብረቱን መቁረጫ ቢገዛ ይጠቀምበታል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ቅርጫ ለሚገባ ቤት ግን ሁለት ጥሩ ካራዎችና አንድ መሳያ ይሻሉታል። አንዱ ሲደንዝ ሌላው ይቀጥላል፤ የቤቱ ወንዶችም አንዱን ካራ አንሥተው ቢያግዙ ሥራው በጊዜ ያልቃል። ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሻጩ መኪናውን ሰክቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ስለቱ ሲዞር ይወዛወዛል ወይ? ስለቱ በቀላሉ ይፈታል ወይ? ደግሞ ሲደንዝ የሚተካው ሌላ ስለት በዚያው ሱቅ ይሸጣል ወይ?