ከአልጋው በላይ ያለው ቅርንጫፍ

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ገለጉም ሆነ መተማ ቤት ውስጥ መተኛት ይከብዳል። አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቡና ከዛፍ ሥር ይፈላል፤ ልጆችም እዚያው ጥላ ውስጥ ይውላሉ። በግቢው መሐል የቆመው ኒም ወይም ሮቃ የቤቱ ሁለተኛ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው ሲያፈስ ጠጋኝ ይጠራል፤ የዛፉን ደኅንነት ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቅርንጫፍ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዛፍ መመርመር በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ማቴክ የዛፍ ቅርጽ ችግሩን እንደሚናገር አስተምሯል፦ ውስጡ የደከመ ግንድ በደከመበት በኩል ተጨማሪ እንጨት ስለሚያበቅል ያልተለመደ እብጠት ወይም ጉብታ ከታየ የሚጠረጠር ነገር አለ። ባዶ ግንድ ሁሉ ግን ይወድቃል ማለት አይደለም። ማቴክ ባስቀመጠው መለኪያ አደጋው የሚጨምረው ጤነኛው የግንዱ ግድግዳ ከመሐል እስከ ዳር ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ በታች ሲሆን ነው። የ60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ እንግዲህ ዙሪያውን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ያስፈልገዋል። በምሳር ጀርባ ቀስ እያሉ ሲመቱት እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ከሆነ ውስጡ ሳይቦረቦር አልቀረም።

የቆላ ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው። የዕጣን ዛፍ በጋውን በሙሉ ቅጠል አልባ ሆኖ ይቆማል፤ ይህ ሕመም አይደለም። ጥርጣሬ ካለ የቀጭን ቅርንጫፍን ልጣጭ በጥፍር መፋቅ ይበቃል፦ ከልጣጩ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ሞቷል። እንዲያውም የበጋው እርቃን ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ስንጥቁም፣ የተሰበረውም፣ ባላው ላይ የተላቀቀውም በግልጽ ይታያል። ክረምቱ ገብቶ ሌላው ሲያቆጠቁጥ ዝም ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል።

አፈሩም ያሳስታል። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ በየቦታው ይሰነጠቃል፤ ያ የዛፉ ጉዳይ አይደለም። ዝናብ አፈሩን ካረጠበው በኋላ ግን ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል መሬቱ ቢያብጥ ወይም ግንዱን ተከትሎ ቢሰነጠቅ ሥሩ እየተነቀለ ነው፤ ዛፉ ባዘነበለበት በኩል ማንም መቀመጥ የለበትም። ከልጅነቱ አዘንብሎ አድጎ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ዛፍ የተለየ ነው፤ እሱ ሚዛኑን ጠብቆ ኖሯል። ለአጥር ወይም ለመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠበት ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ለምለም ቢሆንም ያሳስባል።

ከግንዱ ግርጌ የበቀለ እንጉዳይ መበስበስን ያመለክታል። የምስጥ የጭቃ መንገድ ሲታይ ጭቃውን አፍርሶ ከሥሩ ያለው ቅርፊት ሕያው መሆኑን ማየት ይገባል፤ ብዙው ምስጥ የሚያስቀድመው የሞተውን እንጨት ነውና። ቀዳዳና ሰጋቱራ መሰል ዱቄት ካለ ግን ትል ገብቷል ማለት ነው። መተማ ውስጥ የተጠኑት የዕጣን ዛፎች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ግንድ የሚቦረቡር ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ዛፍ ቦታዎችን መርምሮ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ አሳይቷል። ዕጣን ለማውጣት ሲባል በማድማት ብዛት የቆሰለ፣ ከብት ችግኙን የሚበላበት፣ እሳት የሚያቃጥለው ዛፍ ተተኪ የለውም።

ቁስል በግቢም ያው ቁስል ነው። አሜሪካዊው አሌክስ ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ሰንጥቆ አይቶ ዛፍ የተበላሸውን ክፍል እንደማያድን፣ ዙሪያውን ብቻ እንደሚከልለው አሳወቀ። ለዚህ ነው ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጥ ያለ አንገት መንካት የማይገባው፤ መዝጊያው እዚያ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በትንሹ ይጋዛል፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ ቅርፊት ይዞ እንዳይገነጠል ነው። ቀሪው ጉማጅ ከአንገቱ ውጭ ይስተካከላል። ቀለምና ዘይት መቀባት መበስበስን አይከላከልም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተጠጋ ዛፍ ላይ ግን ማንም አይውጣ፤ ሥራው የመብራት ኃይል ሠራተኞች ነው።

የመጀመሪያው የግንቦት ዐውሎ ነፋስ ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት ይበቃል። ከሥሩ ተነሥተው እስከ ጫፉ ይዩት፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ እስኪወርድ ድረስ አልጋውን ወደ ሌላ ጥግ ያዛውሩት።