የፋይል መጋሪያ ፕሮግራሞች ለምን በዩ.ዲ.ፒ ይጠቀማሉ? ያሰጋልን?

ደብረ ማርቆስ፤ ፋይል ለመጋራት የሚያገለግል ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ፋየርዎል የተባለው የኮምፒውተሩ በር ጠባቂ ፕሮግራሙ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት እንዲቀበል ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ ተጠቃሚዎች የጥያቄውን ምንነት ሳይመረምሩ ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከማያውቃቸው በርካታ አድራሻዎች ጋር "ዩ.ዲ.ፒ" በሚል ስያሜ አጫጭር መልዕክቶችን ሲለዋወጥ ያገኘዋል። በዚህን ጊዜ "ቫይረስ ገብቶብኝ ይሆን?" ብሎ መስጋቱ አያስገርምም።

በደብረ ማርቆስም ሆነ እንደ ደጀን፣ ቢቸናና ሞጣ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች አንድን የኢንተርኔት መስመር ብዙ ሰዎች በጋራ ሲጠቀሙበት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚደረገው ነገር ለሌላው ይተርፋል። በአንዱ ላይ ፊልም ሲወርድ አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ለማየት ሊቸገር ይችላል። አንዱ ሳያውቅ ያስገባው ጎጂ ፕሮግራምም የሁሉንም ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። በመሆኑም ጥያቄው ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ መረጃ በኢንተርኔት የሚጓዝበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም ፋይል የሚላከው ፓኬት ተብለው በሚጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ነው። ፓኬቶቹን ለማድረስ በዋናነት የሚያገለግሉት የአሠራር ሥርዓቶች፣ በሙያው አጠራር ፕሮቶኮሎች፣ ሁለት ሲሆኑ እነርሱም ቲ.ሲ.ፒ እና ዩ.ዲ.ፒ ናቸው።

ቲ.ሲ.ፒ ከአዋበል ጤፍ ጭኖ በደጀን በኩል ዓባይን አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ጠንቃቃ ነጋዴን ይመስላል። ነጋዴው ጭነቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት ከተረካቢው ጋር ይነጋገራል፤ በየጆንያው ላይ ተራ ቁጥር ይጽፋል፤ ለደረሰው ሁሉ ደረሰኝ ይቀበላል፤ የጠፋ ካለም በምትኩ ሌላ ይልካል። አምስተኛው ጆንያ መንገድ ላይ ከቀረ ስድስተኛው ቀድሞ ቢደርስ እንኳ አምስተኛው እስኪመጣ ድረስ ሳይፈታ ይቆያል። አሠራሩ አስተማማኝ ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል።

ዩ.ዲ.ፒ በአንጻሩ በጮቄ ተራራ ግርጌ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጣራን ሰው ይመስላል። መልዕክቱን ያሰማል እንጂ መሰማቱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ አይጠብቅም። አስቀድሞ መነጋገርም አያስፈልገውም። በእያንዳንዱ መልዕክት ላይ የሚታከለው የመላኪያ መረጃም 8 ባይት ብቻ ሲሆን የቲ.ሲ.ፒ ግን ቢያንስ 20 ባይት ነው።

ዩ.ዲ.ፒ አዲስ ወይም ድብቅ አሠራር አይደለም። ደንቡ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ በ1980 ነው። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው የኢንተርኔት የስም ማውጫ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ነው። በኢንተርኔት የሚደረጉ የድምፅና የምስል ጥሪዎችም በብዛት ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ በ2021 ደንቡ የጸደቀውና ድረ ገጾችን በፍጥነት ለመክፈት የሚያስችለው ኩዊክ የተባለው ሥርዓትም የተገነባው በዩ.ዲ.ፒ ላይ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ላይ የዩ.ዲ.ፒ መልዕክት መታየቱ ብቻውን የችግር ምልክት ሊሆን አይችልም።

ወደ ፋይል መጋሪያዎቹ ስንመለስ በስፋት የሚታወቀው ቢትቶረንት ነው። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2001 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ብራም ኮኸን ነው። አሠራሩ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይሆንም፤ ከወንፈል ጋር ይመሳሰላልና። በወንፈል ዛሬ የጎረቤቱን ሰብል ያጨደ ነገ የእርሱ ይታጨድለታል። በቢትቶረንትም ፋይሉን ከአንድ ማዕከል ሁሉም እየተሻሙ ከመውሰድ ይልቅ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ የደረሰውን ቁራጭ ለሌሎች እያካፈለ የጎደለውን ከእነርሱ ይቀበላል። የሚያካፍል ተሳታፊ በፍጥነት ያገኛል፤ የማያካፍል ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት ዩ.ዲ.ፒን የሚመርጥባቸው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፍለጋ ነው። ወንፈል ለመግባት ማን ማን እንዳለ ማወቅ ግድ ይላል። የቢትቶረንት ፕሮግራም ይህን ፋይል የያዘ ማን እንደሆነ ለማወቅ ለበርካታ ኮምፒውተሮች እጅግ አጭር ጥያቄ ያቀርባል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በቲ.ሲ.ፒ መጀመሪያ ሦስት መልዕክቶችን ተለዋውጦ ግንኙነት መመሥረት ቢያስፈልግ ሥራው በከንቱ ይበዛ ነበር። በዩ.ዲ.ፒ ግን አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ይበቃል። ተጠቃሚውን የሚያስደነግጠው የማይታወቁ አድራሻዎች ብዛትም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ፍለጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ ሲሆን መንገድ መልቀቅ ነው። ዩቶረንት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ሁለተኛ እትሙ ፋይሎችን በዩ.ዲ.ፒ ላይ በተሠራ ማይክሮ ትራንስፖርት ፕሮቶኮል ማስተላለፍ ጀመረ። ይህ ፕሮቶኮል እያንዳንዱ ፓኬት የወሰደበትን ጊዜ ይለካል። በመስመሩ ላይ የሚፈጠረው መዘግየት ወደ 100 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ አንድ አስረኛ ሴኮንድ ሲጠጋ፣ ሌላ ተጠቃሚ መኖሩን ተረድቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መስመሩ ነጻ ሲሆን መልሶ ይጨምራል። በአንጻሩ የተለመደው ቲ.ሲ.ፒ በአብዛኛው ፍጥነቱን የሚቀንሰው መስመሩ ሞልቶ ፓኬት መጥፋት ሲጀምር ነው። እንግዲህ ውጤቱን ለማየት ለሚጠባበቀው ተማሪ የሚሻለው ፊልሙ በማይክሮ ትራንስፖርት ፕሮቶኮል ቢወርድ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት በራውተር ማለፍ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ጀርባ ተሰልፈው በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በመሆኑም ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ለማን እንደሆነ ራውተሩ ላያውቅ ይችላል። በዩ.ዲ.ፒ ሁለት ኮምፒውተሮች በተመሳሳይ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው መልዕክት በመላክ በየራውተሮቻቸው መተላለፊያ ማግኘት ይቀልላቸዋል።

እዚህ ላይ "ደረሰኝ በማይጠብቅ መንገድ የሚመጣ ፋይል ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ አይደርስምን?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አይደርስም። ማይክሮ ትራንስፖርት ፕሮቶኮል የራሱን ተራ ቁጥርና ማረጋገጫ ይጨምራል፤ የጠፋውንም መልሶ ይልካል። ከዚህም ሌላ ቢትቶረንት የእያንዳንዱን ቁራጭ መለያ አሻራ ከመጀመሪያው መዝግቦ ይይዛል። አሻራው ያልተመሳሰለ ቁራጭ ተጥሎ እንደገና ይወርዳል።

ይሁንና አሻራው የሚያረጋግጠው ፋይሉ መጀመሪያ ካሰራጨው ሰው እጅ እንደወጣ መድረሱን ብቻ ነው። ያሰራጨው ሰው ታማኝ መሆኑን አያረጋግጥም። መርዝ የተቀላቀለበት ጠላ በታሸገ እንስራ ቢመጣ መርዝነቱ እንደማይቀር ሁሉ፣ ጎጂ ፕሮግራም የተደበቀበት ፋይልም ሳይጎድል ሲደርስ ጎጂነቱ አብሮት ይደርሳል። በተለይም ክፍያ የሚጠየቅባቸውን ፕሮግራሞች በነጻ ለመክፈት ያስችላሉ የሚባሉ ፋይሎች አደገኞች ናቸው። አንድ ተመራቂ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን በያዘ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለውን ፋይል ቢከፍት የወራት ድካሙን ሊያጣ ይችላል። ይህ አደጋ ከዩ.ዲ.ፒ ጋር አይገናኝም፤ ፋይሉ በቲ.ሲ.ፒ ወይም በፍላሽ ዲስክ ቢመጣም ያው ነው።

ዩ.ዲ.ፒ የራሱ ድክመት የለውም ማለት ግን አይደለም። ላኪው ማንነቱን አስቀድሞ ስለማያረጋግጥ አጥቂዎች የሌላ ሰው አድራሻ አስመስለው ጥያቄ ሊልኩ ይችላሉ። ጥያቄው የደረሰው ኮምፒውተር ረዘም ያለውን መልስ ጥያቄ ላልላከው ለዚያ ሰው ይልካል፤ መልሶች ሲበዙም መስመሩ ይጨናነቃል። እ.ኤ.አ በ2015 ተመራማሪዎች የቢትቶረንት ፕሮግራሞች ለዚህ ዓይነት ጥቃት መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳዩ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ማስተካከያ አድርጓል። ያልታደሰ አሮጌ ፕሮግራም መጠቀም የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር በቢትቶረንት መጋራት በምስጢር የሚደረግ አለመሆኑ ነው። በአንድ ፋይል ላይ የሚሳተፉ ሁሉ አንዱ የሌላውን የኢንተርኔት አድራሻ ያያሉ። የሚያወርድ ሰው በዚያው ጊዜ አሰራጭም ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የባለቤቱ መሆኑን ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ጎጂ ፕሮግራሞችን ሆን ብሎ ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል።

በአንጻሩ በዚህ መንገድ በሕጋዊነት የሚገኙ ጠቃሚ ሥራዎች አያሌ ናቸው። ኡቡንቱና ዴቢያን የተባሉት ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በቶረንት ይሰራጫሉ። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስም ትላልቅ ፋይሎቹን በዚሁ መንገድ ያቀርባል። መስመሩ የሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ ለብዙ ተማሪዎች ሊያዳርስ ይችላል። መስመሩ ቢቋረጥም ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ተጠቃሚው ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች ከባድ አይደሉም። ፕሮግራሙን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ብቻ መውሰድና በየጊዜው ማደስ ቀዳሚው ነው። ፋየርዎል ፈቃድ ሲጠይቅ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ መፍቀድ እንጂ ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት አይገባም። ፕሮግራሙን ያልጫነው ወይም ያልከፈተው ሰው ጥያቄው ከመጣበት መከልከልና ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ይኖርበታል። በጋራ በሚሠራበት ቤት ደግሞ የመላኪያ ፍጥነትንና የግንኙነቶችን ብዛት መገደብ ያስፈልጋል፤ አነስተኛ ራውተሮች ግንኙነቱ ሲበዛባቸው ሊፈዙ ይችላሉና።

ዳታ በመጠን የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ሊዘነጋው አይገባም። አንድ ጊጋባይት አውርዶ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ሁለት ጊጋባይት ለሌሎች ያካፈለ ሰው የተጠቀመው ሦስት ጊጋባይት ነው። "ጥቅሌ ያለ ምክንያት አለቀ" የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ምንጩ ይኸው ይሆናል።

በአጠቃላይ ዩ.ዲ.ፒ መንገድ ነው። በመንገድ ላይ እህል የጫነም ሽፍታም ይሄዳል። ተጠቃሚው ሊጠነቀቅ የሚገባው ከመንገዱ ይልቅ በሚጓዘው ጭነት፣ በላኪው ማንነትና በራሱ በር አከፋፈት ላይ ነው።